አሥራ ሰባት ዛፍ በውሃ ቀለም

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ፍሬም እሠራለሁ። የምረቃ ፎቶ፣ የሠርግ ፎቶ፣ ከመካ የመጣ የግድግዳ ጌጥ፣ የማርያም ሥዕል፣ የሟች አባት ጉርድ ፎቶ፤ እኔ ዘንድ ሲመጣ ሁሉም እኩል ነው። አራት እንጨት፣ አራት ማዕዘን፣ አንድ መስታወት። ማዕዘኑ ግማሽ ሚሊ ከከፈተ አፈርሰዋለሁ። ደንበኞቼ ይህን ክፍተት አያዩትም፤ እኔ አያለሁ፤ መከራዬም ይኸው ነው። ሥራውን ያስተማረኝ ሰው የለም። የተማርኩት ከስልኬና ካበላሸሁት እንጨት ነው።

ይህን የምናገረው ያን ቀን የወጣኝ ቃል ከክፋት እንዳልነበር እንዲታወቅልኝ ነው። ረፋድ ላይ አንዲት ሴትዮ ከባጃጅ ወርደው፣ በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አጋድመው ገለጡት። የቀለም ልውስ ነበር። ወይን ጠጅ በአረንጓዴ ላይ፣ ብርቱካን በወይን ጠጅ ላይ፣ ጠብታ በጠብታ ላይ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ መንገድ ላይ ተበላሽቶብዎታል» አልኳቸው። «ሳይደርቅ ነው የጠቀለሉት።»

ሴትየዋ ትንሽ አዩኝና አፋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«እስቲ መንገዱን ተሻገር» አሉኝ። «ከዚያ ማዶ ሆነህ እየው።»

ሁለት ባጃጅ አሳልፌ ተሻገርኩና ከሞባይል ጠጋኙ በር ላይ ዞርኩ። ሥዕሉን ደረታቸው ላይ አቁመው ይዘውታል። ያ ልውስ ኮረብታ ሆኖ ጠበቀኝ። ከቡናው ጥላ ዛፎች መሀል የጠዋት ጉም እየተነሣ ነው። ከሥር ያለችው ቀይ መስመር የቡና ማስጫ አልጋ ናት። ከኮረብታው ትከሻ ላይ ደግሞ የተገፈፈ፣ ራቁቱን የቀረ መሬት አለ። ኮረብታውን አውቀዋለሁ። ወደ ቡና ከተሞቹ በሚኒባስ ስሄድ ሁሌም በቀኝ መስኮት በኩል ያልፋል። ሁሌ አየው ነበር፤ ያየሁት ግን ያን ቀን ከሞባይል ጠጋኙ በር ላይ ነው።

ተመልሼ መጣሁ።

«ይሄ አሣሣል ስም አለው» አሉኝ። «ኢምፕሬሽኒዝም ይባላል። የምትሥለው ዛፉን አይደለም፤ ዛፉ ላይ ያረፈውን ብርሃን ነው።»

«ዛፉስ?»

«ዛፉማ የትም አይሄድም» አሉ። ስለ ዛፍ ይህን ያህል መተማመናቸው ያን ጊዜ አላስገረመኝም።

የሴትየዋን ማንነት የነገሩኝ እሳቸው ከሄዱ በኋላ ጎረቤቴ ናቸው። ጎረቤቴ ከአንድ ግንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚፈለፍሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «አባ» ነው የሚላቸው። መጥረቢያቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ‹ተበላሽቷል› ያልከው የማንን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ አባ።»

«የአስተዳዳሪው ሚስት ናት፣ ወላሂ! በሰላም ገብቶ በሰላም መውጣት ይህን ያህል ይከብድሃል?»

የየትኛው ወረዳ አስተዳዳሪ እንደሆኑ አልጽፍም። በጅማ ዙሪያ የቡና ወረዳ ሞልቷል፤ አስተዳዳሪዎቹም ከኮታቸው በቀር ብዙም አይለያዩም። ወረዳው ሌላ ቦታ ነው፤ ቤታቸው ግን ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ነበር። ከሕዝቡ ጋር በቅርበት ለመሥራት ትንሽ ራቅ ብሎ መኖር ሳይሻል አይቀርም።

ከዚያ ወዲህ የሴትየዋን ሥዕሎች ሁሉ ፍሬም የማበጅላቸው እኔ ሆንኩ። ቤታቸው እየሄድኩ የምሰቅለውም እኔው ነኝ፤ ስለዚህ መሰላል ላይ ቆሜ የሥዕል ሂስ የመስማት ዕድል አገኘሁ። ሂሱ አንድ ነው። እንግዳው ይገባል፣ ሥዕሉን ቀና ብሎ ያያል፣ ከዚያ አስተዳዳሪውን ያያል፣ ከዚያ «ልክ ፎቶ!» ይላል። የፍትሕ ኃላፊው «ልክ ፎቶ!» የግብርና ኃላፊው «ፎቶ እኮ ነው የሚመስለው!» የውሃ ኃላፊው ጉሙን በጣቱ እያሳየ «ይቺ በጓ ራሷ ቁጭ ብላለች» አለ። በግ አልነበረም። ሴትየዋ ሥዕሉ ፎቶ እንዳይመስል ዓመታት የደከሙበትን ነገር፣ የወረዳው ካቢኔ በአንድ ድምፅ መስሏል ብሎ አጸደቀው። እሳቸው «አመሰግናለሁ» ይሉና ወደ መሰላሉ ቀና ብለው ያዩኛል። ምስማሬን አያለሁ።

እንግዶቹ ሲወጡ ሴትየዋ በር ላይ ቀስ ብለው፣ «አንተስ፣ ይቺኛዋ?» ይሉኛል። የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ። «ሰማዩ ከብዷል» እላለሁ። ወይም «ወንዙ ወደ ላይ የሚፈስ ይመስላል።» በዚህ ጊዜ ፊታቸው ይበራል። ወረዳ ሙሉ ሰው እያመሰገናቸው፣ የሚደሰቱት «ወንዝዎ ወደ ላይ ፈሰሰ» ሲባሉ ነበር።

ከዚያ ዐውደ ርእይ ይዘጋጅ ተባለ። በወረዳው አዳራሽ፣ ከበላይ የሚመጡ እንግዳ በተገኙበት። አሥራ አምስት ሥዕል መረጡ። ሌሎቹን ሾፌራቸው አመጣልኝ፤ ኮረብታውን ግን ራሳቸው በባጃጅ ይዘውት መጡ።

«ሌላው ሁሉ ልምምድ ነው» አሉኝ። «ከሠራኋቸው ውስጥ የምቆምላት ይቺ ብቻ ናት። ቫርኒሽ ቀባትና እስከ ዐውደ ርእዩ አንተ ጋ ትቆይ። ቤት የሚገባው ሰው እጅ ይበዛበታል። አደራ፣ ማንም እንዳይነካት።»

«ማንም አይነካትም።»

በጣታቸው ከኮረብታው ትከሻ ሥር ያለችውን፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል ቦታ አሳዩኝ። «እዚህ ጋ ቀለም የለም፤ ሸራው ራሱ ነው። መሬቱ ራቁቱን ስለሆነ ራቁቱን ተውኩት። ቫርኒሽም እንዳታስነካው።»

አላስነካሁትም። ዙሪያውን በቀጭን ብሩሽ እየዞርኩ ቀባሁ። ለዝርዝር ጥንቁቅ ነኝ፤ ይህን ቀደም ብዬ ተናግሬያለሁ። ቫርኒሹ ሲደርቅ የወረዳው ኮሙኒኬሽን ኃላፊ መጣ።

ስልኩን በአንድ እጁ፣ የታሸገ ውሃውን በሌላው እንደያዘ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያየ «አሪፍ፣ አሪፍ» ሲል ኮረብታው ጋ ደረሰ። ቆመ። ስልኩን ከፍቶ አንድ ነገር አነበበ። ኮረብታውን አየ። እንደገና ስልኩን አየ።

«ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ችግር አለ» አለ። «ሥዕሉ ከሪፖርቱ ጋር አይናበብም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ይሄ ኮረብታ በሪፖርት ተሸፍኗል። ሙሉ በሙሉ። ችግኝ ተተክሎበት፣ ጸድቆ፣ ተሸፍኗል። እንግዳው ደግሞ ሪፖርቱን አንብበው ነው የሚመጡት። እዚህ ራቁቱን ቢያዩት ምን ይላሉ?»

«ኮረብታው ራሱ እኮ መንገድ ዳር ነው። ሲመጡ ያዩታል።»

«መኪናው መስታወቱ ጥቁር ነው» አለ። ሲቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ሲቀልድ አልነበረም። «ቀላል ነው። ዛፍ ጣል ጣል አድርግበት።»

«ዛፍ?»

«አገር በቀል ቢሆን ይመረጣል።»

«ለምን እሳቸው ራሳቸው አይሥሉትም?»

«ክብርትን ደግሞ በዚህ ማስቸገር ምንድነው? ለእሳቸው ሰርፕራይዝ ነው። ሥራቸውን ነው የምንጨርስላቸው። አይተኸዋል እኮ፣ ያላለቀ ነው፤ እዚህ ጋማ ጭራሽ ሸራው ይታያል!» ጣቱን እዚያችው የክብሪት ቀፎ ላይ አሳረፈ። «በተለይ እዚህ። እዚህ ጋ ዛፍ ካልቆመ ዋጋ የለውም።»

ዝም አልኩ። ዝም ማለት ልማዴ ነው፤ ሰው ግን ዝምታን ሁሌ እንደሚመቸው ነው የሚተረጉመው። ኃላፊው ወደ ጣሪያው፣ ወደ ቆርቆሮው ግድግዳ ቀና ቀና ብሎ አየ።

«ሼዱ ጥሩ ነው» አለ። «ለወጣቶች የተሰጠ ነው አይደል? ለተወሰነ ዓመት? የቀበሌያችሁን ሊቀመንበር አውቀዋለሁ፤ አብረን ነው የተማርነው። ቅዳሜ ጠዋት መኪና እልካለሁ።»

ሐሙስ ነበር። የሴትየዋ ስልክ ቁጥር በግድግዳዬ ላይ በእርሳስ ተጽፏል፤ ከፊት ለፊቴ። አሥር ቁጥር ነው። አየሁት። ከዚያ ወጥቼ አባ ጋ ሄድኩ።

ነገሩን በትዕግሥት ሰሙኝ። የያዙትን በርጩማ ገልብጠው ሦስቱን እግሮች አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«እኔ አንድ ጊዜ አንድ ሹም መጥቶ አራተኛ እግር ጨምርበት ብሎኛል» አሉ። «ባለ ሦስቱ ሰው አይችልም ብሎ። በርጩማ ደግሞ ሦስት ከሆነ የትም ብታስቀምጠው ይቆማል፤ አራት ከሆነ ነው የሚንገዳገደው። ይሄን ለሹም ታስረዳለህ?»

«ምን አደረጉ?»

«ሜ፣ ምን አደርጋለሁ? ጨመርኩለት። በምስማር። ሲሄድ ነቀልኩት።»

መልሱን ያገኘሁት እዚያ ላይ ነው። ያገኘሁ መሰለኝ ማለቱ ይሻላል። ሥዕሉ የዘይት ቀለም ነው፤ በላዩ ላይ ቫርኒሽ አለ። የውሃ ቀለም እዚያ ላይ ብቀባ አይጠጣም። በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ዐውደ ርእዩ ሲያልቅ ጠርጌ አስረክባለሁ፤ ኃላፊው ዛፉን ያገኛል፣ እሳቸው ኮረብታቸውን፣ እኔም ሼዴን። ሁሉም ወገን የሚጠቀምበት እንዲህ ያለ አሠራር ለወረዳም አይከፋም ነበር።

ዓርብ ሰፈሩ ለጁምዓ ሲሄድ በሬን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ። የውሃ ቀለም በዘይት ላይ እየተንከባለለ አልይዝ ሲለኝ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨመርኩበት፤ ያዘ። ስድስት ዋንዛ፣ ስድስት ብሳና፣ አምስት ቀረሮ ሣልኩ። ዋንዛው ቅጠሉ ሰፊ፣ ብሳናው እዚህም እዚያም የቀላ ቅጠል ያለበት፣ ቀረሮው ቀጥ ያለ። ጥላቸውን ከጠዋቷ ፀሐይ በተቃራኒ አጋደምኩ። ቅጠል በቅጠል። አሥራ ሰባተኛዋን፣ ትንሽ ብሳና፣ ኃላፊው በጣቱ ባሳየኝ ቦታ ላይ ተከልኩ። ሰዉ ከሶላት ሲመለስ ጨርሻለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ዛፎቹ በጣም ጥሩ ዛፎች ነበሩ።

ቅዳሜ አዳራሹ ባነር በባነር ሆኖ ጠበቀን። ሥዕሎቹን የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ኮረብታውን ከመድረኩ አጠገብ አድርግ ተባልኩ። ሴትየዋ ከእንግዳው ጋር አብረው ስለገቡ ሥዕላቸውን ቀድመው አላዩትም። ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። እኔ ከኋላ፣ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ቆምኩ። መሰላሌን ይዤ ነበር፤ ሰው መሰላል ከያዘ ማንም ለምን እዚህ ቆምክ አይለውም።

አስተዳዳሪው ንግግር አደረጉ። ረጅም ነበር። በመጨረሻ ማይኩን እንደያዙ ወደ ኮረብታው ሄዱና እጃቸውን ዘረጉ።

«ይህ ኮረብታ ትናንት ራቁቱን ነበር። ዛሬ ግን ይኸው! ባለቤቴ ያየችውን ነው የሣለችው።»

ተጨበጨበ። ሴትየዋ ሥዕሉን ያዩት ያን ጊዜ ነው። ከጀርባቸው ነበርኩ፤ ፊታቸው አልታየኝም። የታየኝ ጭብጨባ የጀመሩት እጆቻቸው መሀል ላይ መቆማቸው ነው። ተነሡ። ወደ ሥዕሉ ቀረቡ። በጣም ቀረቡ፣ እሳቸው ራሳቸው አትቅረቡ እስከሚሉት ድረስ።

«በተለይ ዛፎቹ!» አለ የግብርና ኃላፊው። «ልክ ፎቶ!»

በሕይወቴ ሥዕሌ ሲመሰገን የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

አስተዳዳሪው ሞቅ ብሏቸው ነበር። «እንዲያውም ይህቺን» አሉ አንዲት ዋንዛ እያሳዩ፣ «ይህቺን በገዛ እጄ ነው የተከልኳት።»

«የትኛዋን?» አሉ ሴትየዋ።

«ይህቺን። ረሳሽው? ዝናብ እኮ ነበር።»

«ዝናቡንማ አልረሳሁትም» አሉ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፤ ማይኩ ግን እዚያው ነበርና ሁላችንም ሰማን። ከእንግዳው ጠረጴዛ ላይ የታሸገ ውሃ አነሡ። ከፍተው ትንሽ ጠጡ። የሻሻቸውን ጫፍ አረጠቡና ዋንዛዋን በቀስታ ጠረጉ። ዋንዛዋ የለችም።

«ውይ» አሉ። «ይቺ አልያዘችም።»

አዳራሹ ውስጥ የድምፅ ማጉያው ሲጮህ ብቻ ይሰማል። ሴትየዋ ቀጠሉ። አንድ ቀረሮ። «ይቺም።» ሁለት ብሳና። «እነዚህን ፍየል ሳይበላቸው አልቀረም።» አስተዳዳሪው ማይኩን እንደ ችግኝ ቀጥ አድርገው ይዘው ቆመዋል። ኮሙኒኬሽን ኃላፊው ጣሪያውን ያያል። ያን ጊዜ ከበላይ የመጡት እንግዳ ሳቁ። ከሆዳቸው ሳቁ። ሳቁ ከላይ ወደ ታች እንደ መመሪያ ወረደ፤ ካቢኔው ሳቀ፣ ሁለተኛው ረድፍ ሳቀ፣ በመጨረሻ አስተዳዳሪውም አፈጻጸም ላይ ወደ ኋላ ላለመቅረት ሳቁ።

እኔ እየቆጠርኩ ነበር። አሥራ አራት። አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት። ኮረብታው እየተመለሰ ነው፤ ጉሙም፣ ቀዩ መስመርም፣ ራቁቱ ትከሻም። ሻሹ አሥራ ሰባተኛዋ ጋ ደረሰ። ጠረጉ። ደግመው ጠረጉ። ብሳናዋ ንቅንቅ አላለችም።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የክብሪት ቀፎዋ! እዚያ ቫርኒሽ የለም፣ ዘይት የለም፤ ያለው ሸራ ነው። ሸራ ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ዙሪያዋን በቀጭን ብሩሽ ዞሬ የቀባሁት እኔ፣ በግማሽ ሚሊ ፍሬም የማፈርሰው እኔ፣ ዛፍ ስተክል ረስቻታለሁ። በዚያ ሁሉ ሥዕል ላይ ሥር የሰደደችው ብቸኛ ዛፍ፣ አትንካው የተባልኩት ቦታ ላይ የተከልኳት ናት።

ሴትየዋ ዞሩ። በሰው ሁሉ አናት ላይ አሻግረው ወደ ኋላ፣ ወደ መሰላሉ አዩ።

በሳምንቱ በአካባቢው ሬዲዮ ስለ ዐውደ ርእዩ ሰማሁ። ስለ አረንጓዴ ልማት ሰፊ ግንዛቤ ተፈጥሯል ተባለ። ስለ ሼዱ የመጣ ሰው የለም። ኮሙኒኬሽን ኃላፊው ወደ ተሻለ ቦታ ተዛውሯል፤ ችሎታ አይደበቅም። ከዚያ ቀደም ግን፣ ዐውደ ርእዩ ባለፈ በሁለተኛው ቀን ሰኞ፣ ባጃጅ በሬ ላይ ቆመና ሴትየዋ በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወረዱ። ጠረጴዛዬ ላይ አጋደሙት።

«ሳሙና ነው አይደል የጨመርክበት?» አሉ።

«አንድ ጠብታ።»

«ብልሃቱ ጥሩ ነው።» ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተጻፈውን ቁጥራቸውን አዩ። «ስልኬ እዚህ ነበር?»

«አዎ።»

«ሐሙስም?»

«ሐሙስም።»

ሁለት ቀን ሙሉ ያዘጋጀሁት ማብራሪያ ነበረኝ፤ ስለ ሼዱ፣ ስለ ሊቀመንበሩ፣ ስለ አባ አራተኛ እግር። አፌን ከፍቼ ልናገረው ስሞክር የሪፖርት ድምፅ ነበረው። ተውኩት።

«በተርፐንታይን ልሞክረው?» አልኩ።

«አትንካው። መንገዱን ተሻገር።»

ተሻገርኩ። ከሞባይል ጠጋኙ በር ላይ ዞርኩ። ሥዕሉን ደረታቸው ላይ አቁመዋል። ኮረብታው አለ፣ ጉሙ አለ። ራቁቱ መሬት ላይ፣ ዓይን መጀመሪያ የሚሄድበት ቦታ ላይ፣ ቅጠሏ የሚቆጠር አንዲት ብሳና ቆማለች፤ በሌላ ሰው ፎቶ ውስጥ እንደገባ ሰው።

ተመለስኩ።

«እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ተበላሽቷል» አልኩ።

በዚህ ጊዜ አልሳቁም። ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን ልክ ነህ» አሉ። ከጠረጴዛዬ ላይ ከሁሉ ቀጭኑን ብሩሽ መርጠው ሰጡኝ። «የእኔ ስም ከታች በቀኝ በኩል አለ። እሷን ግን እኔ አልተከልኳትም። ስምህን ጻፍባት።»

ጻፍኩ። ከብሳናዋ ሥር፣ በሸራው ላይ፣ ቀጥ ባለ መስመር፣ በማይጠረግ የዘይት ቀለም። የመጨረሻዋ ፊደል ግማሽ ሚሊ ያህል ወደ ታች ወርዳለች። በወረዳው ከተተከሉት ዛፎች ሁሉ ተካዩ በስሙ የፈረመባት እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።